የቤት ስልክ በኢንተርኔትና በዋይፋይ፦ ከመሣሪያ ምርጫ እስከ ቁጥር ማዛወር

በኢንተርኔት የሚሠራ የቤት ስልክ ድምፁ ሲቆራረጥ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ኢንተርኔቱን ወደ ፈጣኑ ደረጃ ማሳደግ ነው። ወርሃዊ ክፍያው ይጨምራል፤ ድምፁ ግን እንደነበረው ይቆራረጣል። ስልክ የሚፈልገው ፍጥነት ሳይሆን ሰዓት አክባሪነት ነውና።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ጂ.711 የሚባለው የተለመደው ኮዴክ፣ ማለትም ድምፅን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ስልት፣ ለአንድ ንግግር በሰከንድ 64 ኪሎቢት ይፈልጋል። ድምፁ ተቆራርጦ በሚላክበት በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ የአድራሻው መረጃ ሲጨመር በእያንዳንዱ አቅጣጫ ወደ 87 ኪሎቢት ይደርሳል። በሰከንድ 10 ሜጋቢት የሚልክና የሚቀበል መስመር በስሌት ከ100 በላይ ጥሪዎችን በአንድ ጊዜ ይሸከማል ማለት ነው። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ድምፁ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ እየተቆረጠ በሰከንድ 50 ጥቅል ሆኖ ይላካል፤ እያንዳንዱም በተራውና በጊዜው መድረስ አለበት። ፊልም ስናይ መሣሪያው አስቀድሞ ያጠራቀመው ስላለ መዘግየቱ አይታወቀንም። ስልክ ላይ ግን ዘግይቶ የደረሰ ጥቅል ይጣላል፤ «ሃሎ? ይሰማል?» የሚያሰኘን ያ የተጣለው ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፅ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊ ሰከንድ በላይ ባይዘገይ ይመክራል። ከ100 ጥቅል አንዱ መጥፋት ሲጀምር ደግሞ ጆሮ ይይዘዋል።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያርፈው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፦ ድምፁ በዋይፋይ የሚጓዝበትን መንገድ ማሳጠር፣ ከተቻለ ማስቀረት፣ ካልተቻለ ደግሞ በመንገዱ ላይ ቅድሚያ እንዲያገኝ ማድረግ።

መመሪያው የተጻፈው አሜሪካ ውስጥ ለሚኖሩ ነው፤ በተለይ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያን በመሳሰሉ አካባቢዎች ወላጆቻቸውን አምጥተው አብረው ለሚኖሩ። ለእናትና ለአባት እጀታ ያለው፣ ቁልፎቹ ጎላ ያሉ የቤት ስልክ ከማንኛውም ዘመናዊ ተንቀሳቃሽ ስልክ ይበልጣል። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይታወቅ። ኢትዮጵያ ውስጥ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 የስልክ ጥሪ አገልግሎትን በኢንተርኔት መስጠትን በወንጀል የሚያስቀጣ አድርጎ ደንግጓል። የአሜሪካ ቁጥር የተሞላበትን መሣሪያ አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶች መላክ ሕግ አዋቂ ሳያማክሩ የሚሞከር ነገር አይደለም።

መጀመሪያ በሽታውን መለየት

ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት መስመርዎን ይፈትሹ። የተለመደው የፍጥነት መለኪያ ብዙ አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው ፒንግ ነው፤ አንድ ትንሽ ጥቅል ሄዶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ የሚለካ ትእዛዝ። በኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፊያ ላይ ወይም ስልክ ላይ በሚጫኑ ነጻ መተግበሪያዎች ይሠራል።

1. ስልኩን ልታስቀምጡ ባሰባችሁበት ቦታ ላይ ሆናችሁ፣ በዋይፋይ፣ የራሳችሁን ራውተር ፒንግ አድርጉ። አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። ለሁለትና ለሦስት ደቂቃ ይሂድ። መልሱ ከ10 ሚሊ ሰከንድ በታች ሆኖ ሳይዋዥቅ ከቆየ ዋይፋዩ ጤነኛ ነው። በየመካከሉ 100፣ 250፣ 400 እያለ የሚዘል ከሆነ ችግሩ እዚያው ቤት ውስጥ ነው፤ ለኢንተርኔት ድርጅቱ መደወል አያስፈልግም።

2. ቀጥሎ 8.8.8.8ን፣ ማለትም የጉግልን አድራሻ፣ ፒንግ አድርጉ። ቁጥሩን ጻፉት።

3. ፒንጉ ሳይቋረጥ አንድ ሰው ረጅም ቪዲዮ ወደ ኢንተርኔት ይጫን። ቀድሞ 20 የነበረው መልስ ወደ 300 ወይም 500 ካሻቀበ የመላኪያው አቅጣጫ ወረፋ ይዟል ማለት ነው። ይህ በኬብል ኢንተርኔት ቤቶች በጣም የተለመደ ነው፤ ልጅ ፎቶ ሲጭን እናት ስልክ ላይ የምትቆራረጠው በዚህ ነው።

ይህችን ሙከራ ያለፈ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። ራውተሩ ድረስ ያለው ከታመመ ስለ ዋይፋይ የሚናገረውን ክፍል፣ ከራውተሩ ወዲያ ያለው ከታመመ ስለ ራውተር ቅንብር የሚናገረውን ክፍል በጥንቃቄ ያንብብ።

መሣሪያ

ተራ የቤት ስልክን ወደ ኢንተርኔት ስልክ የሚለውጠው ትንሽ ሳጥን በተለምዶ አዳፕተር ይባላል፤ በገበያ ላይ የሚታወቀው ኤቲኤ በሚል አጭር ስሙ ነው። በአንድ በኩል የኔትወርክ ገመድ፣ በሌላው በኩል የስልክ ገመድ ይሰካበታል። የግራንድስትሪም ኤችቲ 801 ለአንድ፣ ኤችቲ 802 ደግሞ ለሁለት ስልክ የሚሆኑ፣ በቀላሉ የሚገኙ ናቸው። ሲገዙ ያልተቆለፈ መሆኑን ያረጋግጡ። አንዳንድ ድርጅት የሚሰጠው አዳፕተር ለራሱ አገልግሎት ብቻ ስለሚሠራ፣ ሁለተኛ እጅ ሲገዛ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ይህን ሳጥን የት እናስቀምጠው የሚለው ነው። እኔ ያለማመንታት የምመክረው ከራውተሩ አጠገብ፣ በገመድ ተሰክቶ እንዲቀመጥ ነው። ገመድ አልባነቱን ለስልኩ ይተዉት። ዲኢሲቲ 6.0 የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ገመድ አልባ የቤት ስልኮች አሜሪካ ውስጥ የሚሠሩት በ1.9 ጊጋኸርትዝ ነው፤ ዋይፋይ ከሚጠቀምባቸው 2.4 እና 5 ጊጋኸርትዝ ጋር አይጋጩም። መሠረቱን አዳፕተሩ ላይ ሰክተው፣ አንዱን እጀታ መኝታ ክፍል፣ አንዱን ወጥ ቤት፣ አንዱን ምድር ቤት ማኖር ይቻላል። ስልኩ በቤቱ ሁሉ ይዞራል፤ ድምፁ ግን ዋይፋዩን አይነካውም። ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የሚገኙት በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሚሠሩ ስልኮች ግን ይቅሩ፤ ራሳቸው ዋይፋዩን ይረብሻሉ።

ራውተሩ ሌላ ክፍል ወይም ሌላ ፎቅ ላይ ሆኖ አዳፕተሩ የግድ ከሩቅ መቀመጥ ካለበት፣ የሚቀጥሉትን በዚህ ቅደም ተከተል ያስቡባቸው። ብዙ የአሜሪካ ቤቶች ግድግዳቸው ውስጥ የኬብል ቴሌቪዥን ገመድ አላቸው፤ ሞካ የሚባሉ ሁለት ትናንሽ መለወጫዎችን በገመዱ ሁለት ጫፍ ላይ በመሰካት ያንን ገመድ ወደ ኔትወርክ ገመድ መለወጥ ይቻላል። ከማንኛውም ዋይፋይ ይሻላል፤ የሚገርመው ብዙ ሰው አያውቀውም። ሁለተኛው ሜሽ የሚባለው፣ በብዙ ሳጥኖች የሚከፋፈል የዋይፋይ ስርጭት ካለ ሳተላይት በሚባለው ረዳት ሳጥን ጀርባ ላይ ባለችው የኔትወርክ ቀዳዳ አዳፕተሩን መሰካት ነው። ሦስተኛው የኔትወርክ ቀዳዳ ያለው ትንሽ ራውተር ወይም የዋይፋይ ማራዘሚያ ገዝቶ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር በማገናኘት፣ አዳፕተሩን ከእሱ ላይ በአጭር ገመድ መሰካት ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው መንገድ ድምፁ አንድ ጊዜ በአየር ይጓዛል፤ ይህን አንድ ዝላይ መልካም ዋይፋይ ይችለዋል። ሁለት ማራዘሚያ ተከታትሎ ማስቀመጥ ግን መዘግየትን እጥፍ ማድረግ ነው።

በራሱ ዋይፋይ የሚይዝ የስልክ እጀታም አለ፤ ግራንድስትሪም ደብልዩፒ 810 አንዱ ነው። ለቢሮ ያምራል። ለአረጋዊ ወላጅ ግን አልመርጠውም፤ ዋይፋዩ ሲቀየር እጀታውንም አዲሱን የይለፍ ቃል ማስገባት ይጠይቃል፣ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዞሩም ጥሪው ሊቋረጥ ይችላል። በተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ የሚጫኑት ሊንፎንና ዞይፐር የመሳሰሉ መተግበሪያዎች ደግሞ ለሁለተኛ ቁጥር ጥሩ ናቸው፤ ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ መተግበሪያውን ስለሚያስተኛው ግን ጥሪ ሳይጠራ ያልፋል። አንድሮይድ ላይ መተግበሪያውን ከባትሪ ቁጠባ ዝርዝር ማውጣት ያስፈልጋል።

ስለ ግድግዳው የድሮ የስልክ ቀዳዳ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አዳፕተሩን ግድግዳው ላይ ሰክቶ የቤቱን የስልክ ቀዳዳዎች ሁሉ ማንቃት ይቻላል፤ ነገር ግን የስልክ ኩባንያው መስመር ከቤቱ ውጭ ባለው ሳጥን ላይ አስቀድሞ መነቀል አለበት። በዚያ መስመር ላይ 48 ቮልት የሚያህል ኤሌክትሪክ አለ፤ ሲጠራ ደግሞ ወደ 90 ይደርሳል። አዳፕተሩን ያቃጥለዋል።

አገልግሎት ሰጪ

ሁለት ዓይነት ናቸው። እንደ ኡማና ቮኔጅ ያሉት የራሳቸውን ሳጥን አዘጋጅተው ይሰጣሉ፤ ይሰካል፣ ይሠራል፤ ምርጫ ግን የለም። እንደ ቪኦአይፒ ዶት ኤምኤስና ኮልሴንትሪክ ያሉት ደግሞ አካውንትና ቁጥር ይሰጣሉ፤ መሣሪያውን ራስዎ ያስተካክላሉ፤ ለጥቂት ደቂቃ ለሚናገር ቤት ሒሳቡ ይረክሳል። ማስተካከል ያስጠላው ሰው የመጀመሪያውን ይምረጥ፤ ከዚህ በታች ያለው የአዳፕተር ቅንብር ለሁለተኛው ነው።

ኢትዮጵያ ለመደወል ብላችሁ ይህን የምትዘረጉ ከሆነ ግን ታሪፉን አስቀድማችሁ እዩ። ወደ ኢትዮጵያ የሚደረግ ጥሪ በደቂቃ ከሚከፈልባቸው መስመሮች ውዶቹ መካከል ነው፤ በወር ያልተገደበ የሚሉት ጥቅሎችም ብዙ ጊዜ አሜሪካና ካናዳን ብቻ ይሸፍናሉ። የኢንተርኔት ስልክ የሚያረክሰው የአገር ውስጡን ወጪ ነው።

አዳፕተሩን ማስተካከል

ከዚህ በታች ያለው በኤችቲ 801 ላይ የሚታየው ነው። በሌሎቹም የስሞቹ ልዩነት እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

1. በአገልግሎት ሰጪው ገጽ ላይ ለአዳፕተሩ ብቻ የሚሆን ንኡስ አካውንት ይክፈቱ። የይለፍ ቃሉ ረጅምና ትርጉም የሌለው ይሁን። ከዋናው አካውንት የይለፍ ቃል ጋር አንድ እንዳይሆን። ከሰርቨሮቹ ዝርዝር ውስጥ ለቤትዎ ቅርብ የሆነውን ይምረጡ፤ ሜሪላንድ ያለ ሰው ዋሽንግተን ወይም ኒው ዮርክ እያለ ሎስ አንጀለስ የሚልበት ምክንያት የለም።

2. አዳፕተሩን ከራውተሩ ጋር በገመድ ያገናኙ፤ ስልኩን ይሰኩ፤ ኃይል ይስጡት። እጀታውን አንስተው *** (ኮከቧን ሦስት ጊዜ) ይጫኑ። የእንግሊዝኛ ድምፅ ይመጣል። ቀጥለው 02 ይጫኑ፤ አድራሻውን ቁጥር በቁጥር ያነብልዎታል፤ ለምሳሌ 192.168.1.37። ይጻፉት።

3. ይህን አድራሻ በኮምፒውተር ማሰሻ ላይ ይጻፉ። የመግቢያው የይለፍ ቃል በአሮጌዎቹ «አድሚን» ነው፤ በአዲሶቹ መሣሪያው ታች ባለው ተለጣፊ ላይ ታትሟል። ገብተው ወዲያው ይቀይሩት።

4. «ኤፍኤክስኤስ ፖርት» የሚለውን ገጽ ይክፈቱ። «ፕራይመሪ ሲፕ ሰርቨር» በሚለው ላይ የመረጡትን ሰርቨር ስም፣ «ሲፕ ዩዘር አይዲ» እና «ኦተንቲኬት አይዲ» በሚሉት ላይ የንኡስ አካውንቱን ስም፣ «ኦተንቲኬት ፓስወርድ» በሚለው ላይ የይለፍ ቃሉን ያስገቡ። ሲፕ የሚባለው ጥሪን የሚያስጀምርና የሚዘጋ የመግባቢያ ሕግ ነው፤ አሁን የሚሠራበት ቅጂ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ የተለመደ በሩም፣ ማለትም በአንድ አድራሻ ላይ መልእክቱ የሚገባበት ቁጥር፣ 5060 ነው።

5. «ናት ትራቨርሳል» የሚለውን «ኪፕ አላይቭ» ላይ ያድርጉ። ራውተሮች ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ያለን መስመር ይዘጋሉ፤ ይህ ምርጫ አዳፕተሩ በየሰከንዶቹ ትንሽ ምልክት እየላከ በሩ እንዳይዘጋበት ያደርጋል። «ሬጂስተር ኤክስፓይሬሽን» የሚለውን ከ60 ደቂቃ ወደ 5 ያውርዱት። እኔ ስደውል ይሠራል፣ ሲደወልልኝ ግን አይጠራም የሚል ሰው መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ሁለት መስመሮች ላይ ነው።

6. ኮዴኩ መጀመሪያ ጂ.711፣ የአሜሪካው፣ ማለትም ፒሲኤምዩ ይሁን። ጂ.729 በሰከንድ 8 ኪሎቢት ብቻ ስለሚወስድ ለደካማ መስመር ይጠቅማል፤ ድምፁ ግን ይቀጥናል። ሁለተኛ ሆኖ ይቀመጥ።

7. የቁልፍ ድምፅ አላላክን፣ ዲቲኤምኤፍ የሚባለውን፣ አርኤፍሲ 2833 የሚለውን ቀዳሚ ያድርጉ። ይህ ለእኛ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። በስልክ ካርድ የሚደውል ሰው የካርዱን ምሥጢር ቁጥር ሲጫን፣ በስልክ ጉባኤ ለጸሎት የሚገባም የመግቢያውን ቁጥር ሲጫን፣ ቁልፎቹ በድምፅ ውስጥ ተቀላቅለው ከተላኩ ይደፈጠጣሉ፤ «የተሳሳተ ቁጥር» የሚል መልስ ደጋግሞ ይመጣል። አባት ጣታቸውን ይወቅሳሉ፤ ጥፋቱ ግን የዚህች መስመር ነው።

8. «ኖ ኪ ኤንትሪ ታይምአውት» የሚለውን ከ4 ሰከንድ ወደ 8 ከፍ ያድርጉ። አዳፕተሩ ቁጥሩ መጨረሱን የሚያውቀው ቁልፍ መጫኑ ሲቆም ነው። ከአሜሪካ ኢትዮጵያ ሲደወል 011፣ ከዚያ 251፣ ከዚያ መጀመሪያ ላይ ያለው ዜሮ ተትቶ ዘጠኙ ቁጥር ይጫናል፤ በድምሩ 15 ቁልፍ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ከማስታወሻ ደብተር ላይ በጣታቸው እየተከተሉ የሚጫኑ እናት ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ቁጥር ሲያልፉ አራት ሰከንድ ያልቅባቸዋል፤ ግማሹ ቁጥር ይሄዳል። ለጥድፈኛው ደግሞ መጨረሻ ላይ # መጫን ወዲያው ያስደውላል።

9. «አላው ኢንካሚንግ ሲፕ ሜሴጅስ ፍሮም ሲፕ ፕሮክሲ ኦንሊ» የሚለውን «የስ» ያድርጉ። ያለዚህ በሌሊት ስልኩ ይጠራል፤ ሲነሳ ማንም የለም፤ በማሳያው ላይ 100 ወይም 1000 የሚል እንግዳ ቁጥር ይነበባል። ሰው አይደለም፤ ክፍት በር ፍለጋ ኢንተርኔትን የሚያስስ ፕሮግራም ነው።

10. አስቀምጠው መሣሪያውን እንደገና ያስነሱ። «ስታተስ» የሚለው ገጽ ላይ «ሬጂስተርድ» የሚል ቃል ካነበቡ መስመሩ ገብቷል። እጀታውን ሲያነሱ የመስመር ድምፅ ይሰማል።

የራውተሩ ቅንብር

አንድ ቅንብር ብቻ የመንካት ትዕግሥት ካለዎት ይህን ይንኩ፦ «ሲፕ ኤኤልጂ» የሚባለውን ያጥፉት። ራውተሩ የስልክ ጥቅሎችን ከፍቶ በመካከል አድራሻ እያረመ እረዳለሁ የሚልበት ሥራ ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ያበላሻል። የሚታወቅበት ምልክት አለው። ጥሪው ይገባል፣ በደንብ ይሰማል፣ ከዚያ በ32ኛው ሰከንድ አካባቢ ይቋረጣል፤ እንደገና ሲደወልም በዚያው ሰከንድ። ይህ ቁጥር በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ሲፕ ጥሪው መነሳቱን የሚያረጋግጥ መልስ የሚጠብቀው ለ32 ሰከንድ ነው፤ ራውተሩ ያንን መልስ የተሳሳተ አድራሻ ስለሰጠው ወደ ሰርቨሩ አይደርስም፤ ሰርቨሩም ይዘጋል። አንዱ ወገን ብቻ የሚሰማበት ጥሪም የዚሁ ዘመድ ነው።

ቅንብሩ በአንዳንድ ራውተር «ፋየርዎል» ከሚለው የመከላከያ ገጽ ሥር፣ በአንዳንዱ ከላቁ ቅንብሮች ውስጥ ይገኛል። ድርጅቱ ያከራየው ራውተር ከሆነ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ያን ጊዜ ሁለት መውጫ አለ፦ በአገልግሎት ሰጪዎ ገጽ ላይ የተፈቀደ ሌላ በር ካለ ከ5060 ወደዚያ መቀየር፣ ወይም ግንኙነቱን በቲኤልኤስ በሚመሰጠረው በ5061 ማድረግ። የተመሰጠረውን ራውተሩ ሊያነበው አይችልምና አያርመውም።

ሁለተኛው ነገር ድርብ ራውተር ነው። ኩባንያው የሰጠው ሳጥን ራሱ ራውተር ሆኖ ሳለ እላዩ ላይ የራሳችሁን ሜሽ ስትሰኩ ጥሪው ሁለት ጊዜ አድራሻ ይለወጥበታል። የኩባንያውን ሳጥን «ብሪጅ» ወደሚባለው፣ ራውተርነቱን ትቶ መስመሩን ብቻ ወደሚያሳልፍበት ሁኔታ ያስቀይሩ፤ ወይም የሜሹን ራውተርነት አጥፍተው ዋይፋይ ማሰራጫ ብቻ ያድርጉት።

በመጀመሪያው ሙከራ ላይ ቪዲዮ ሲጫን ፒንጉ ያሻቀበባቸው ቤቶች ደግሞ ለተመረጠ መሣሪያ ቅድሚያ የሚሰጠውን «ኪውኦኤስ» የሚለውን ያብሩ። ዋናው ምሥጢር ራውተሩ የመላኪያው ፍጥነት ከእውነተኛው በጥቂቱ ያነሰ መሆኑን እንዲያምን ማድረግ ነው። በተደጋጋሚ ለክተው ዝቅተኛው 20 ሜጋቢት ከሆነ 17 ወይም 18 ብለው ይሙሉ። ያን ጊዜ ወረፋው የሚፈጠረው በኩባንያው ሞደም ውስጥ መሆኑ ቀርቶ በእናንተ ራውተር ውስጥ ይሆናል፤ ራውተሩ ደግሞ ስልኩን ከወረፋው ያስቀድማል። ኬክ ወይም ኤፍኪው ኮዴል የሚባለውን ስልት የሚያውቅ ራውተር ካላችሁ እሱን ምረጡ፤ የተቀረውን ራሱ ያውቀዋል። ለአዳፕተሩ ቋሚ አድራሻ ይስጡትና በቅድሚያ ዝርዝሩ አናት ላይ ያስገቡት።

ድምፁ በዋይፋይ የግድ ከሄደ

አዳፕተሩን በገመድ የሰካ ሰው ይህን ክፍል ሊዘለው ይችላል።

በአፓርታማ ውስጥ 2.4 ጊጋኸርትዝ የጎረቤት ሁሉ መንገድ ነው። ማይክሮዌቭ ምድጃም የሚሠራው እዚያው አካባቢ ነው፤ ምሳ ሲሞቅ ጥሪ የሚቆራረጥበት ቤት ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። ስለዚህ ስልኩን የያዘውን መሣሪያ በ5 ጊጋኸርትዝ ያገናኙት። ሁለቱ ባንዶች በአንድ ስም ተደባልቀው ከሆነ ለስልኩ የሚሆን ሌላ ስም ይስጡ፤ አለበለዚያ መሣሪያው እንደ ስሜቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። የግድ 2.4 ከሆነ ግን ከ1፣ ከ6 እና ከ11 ቻናሎች ውጭ አይምረጡ፤ የቻናሉ ስፋትም 20 ሜጋኸርትዝ ይሁን።

የምልክቱን ጥንካሬ በስልክ መተግበሪያ ይለኩ። ለድምፅ የሚፈለገው ከ−67 ዲቢኤም የማያንስ ነው፤ −60 ይሻላል፣ −75 አይበቃም። ብዙ ቤት ራውተሩ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ነው፤ ኬብሉ የገባው በዚያ ስለሆነ። ወደ ቤቱ መካከል ማምጣት ከአዲስ ራውተር ይበልጣል። ደብልዩኤምኤም የሚለው ቅንብር መብራቱንም ይመልከቱ፤ ዋይፋይ ለድምፅ የተለየ መስመር የሚከፍተው በእሱ ነው። ለእንግዶች በተከፈተው ዋይፋይ ላይ ስልክ አይሰኩ።

911 እና መብራት ሲጠፋ

የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ከመደበኛው የስልክ መረብ ጋር የተገናኙ የኢንተርኔት ስልክ ሰጪዎች የ911 አገልግሎት እንዲሰጡ አስገድዷል። ነገር ግን ስልኩ የት እንዳለ ሰርቨሩ በራሱ አያውቅም፤ የሚያውቀው እናንተ ያስመዘገባችሁትን አድራሻ ነው። ቁጥሩን በገዙ ዕለት አድራሻውን እስከ አፓርታማው ቁጥር ድረስ ያስመዝግቡ። ቤት ሲቀየር ይቀየር። ብዙ ሰጪዎች ዘንድ 933 ሲደወል የተመዘገበውን አድራሻ ያነብላችኋል፤ 911ን ለሙከራ ከመደወል ይህ ይሻላል። እንግሊዝኛ የሚቸገር ወላጅ ባለበት ቤት ይህ ምዝገባ ሕይወት ነው፤ አስረድቶ መናገር ባይችል እንኳ መኪናው የሚመጣው ወደተመዘገበው ደጃፍ ነው።

መብራት ሲጠፋ ሞደሙ፣ ራውተሩና አዳፕተሩ አብረው ይጠፋሉ። ለሦስቱ በአንድነት ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ፣ ይግዙ፤ ኮምፒውተር ካልተሰካበት ለረጅም ጊዜ ይይዛቸዋል። የገመድ አልባው ስልክ መሠረትም ኃይል እንደሚፈልግ አይዘንጉ። የቤት ማንቂያ ደወል ወይም አረጋውያን አንገታቸው ላይ የሚያደርጉት የእርዳታ ቁልፍ በድሮው የስልክ መስመር የሚሠራ ከሆነ፣ አቅራቢው በኢንተርኔት ስልክ ይሠራል ብሎ እስኪያረጋግጥ ድረስ መስመሩን አይንኩ።

ሙከራና ጥበቃ

በቪኦአይፒ ዶት ኤምኤስ 4443 ሲደወል የራስዎን ድምፅ መልሶ ያሰማዎታል። ሌሎቹም ተመሳሳይ ቁጥር አላቸው። ቤቱ በተጨናነቀበት ሰዓት፣ ልጆች ፊልምና ጨዋታ ላይ ሳሉ፣ አምስት ደቂቃ ይናገሩበት። ከዚያ ከተንቀሳቃሽ ስልክ ወደ ቤት ይደውሉ፤ ከቤት ወደ ውጭም ይደውሉ፤ ሁለቱም ከ32 ሰከንድ ይለፉ። ሌሊቱን ሳይነካ አድሮ ጠዋት ላይ ሲደወልለት ከጠራ መስመሩ አልተዘጋም። ራስዎ የሚናገሩት ለሌላው ከተቆራረጠ ችግሩ በመላኪያው፣ የሌላው ድምፅ ለእርስዎ ከተቆራረጠ በመቀበያው በኩል ነው፤ ይህን መለየት ብዙ ክርክር ያሳጥራል።

ገንዘብ የሚጠፋው ግን በሌላ በኩል ነው። የአካውንት የይለፍ ቃል የሰረቀ ሰው በአንድ ሌሊት ወደ ውድ አገሮች እየደወለ ሒሳቡን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ሒሳቡ በቅድሚያ የሚከፈል ይሁን፤ ሲያልቅ ከባንክ ካርድ በራሱ የሚሞላበትን ምርጫ ያጥፉ። ከኢትዮጵያና ከምትደውሉባቸው አገሮች በስተቀር ሌላውን ዓለም አቀፍ ጥሪ ይዝጉ። «ድምፁ እንዲስተካከል» በሚል ራውተሩ ላይ 5060ን ለውጭ መክፈት ወይም አዳፕተሩን «ዲኤምዜድ» ውስጥ፣ ማለትም ከራውተሩ ጥበቃ ውጭ፣ ማስገባት የሚመክር ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። የኪፕ አላይቩ ቅንብር ከተስተካከለ ያ አያስፈልግም።

ቁጥር ማዛወር

የድሮውን የቤት ቁጥር ወደ አዲሱ ማምጣት ይቻላል፤ የሚደረገው ግን መጨረሻ ላይ ነው። በጊዜያዊ ቁጥር ለጥቂት ሳምንታት ተጠቅመው ሲረኩ ጥያቄውን በአዲሱ ሰጪ በኩል ያቅርቡ። የድሮው አካውንት ቁጥር፣ የመጨረሻው የክፍያ ሰነድ ቅጂ፣ ካለ ደግሞ ምሥጢር ቁጥሩ ያስፈልጋል። በሰነዱ ላይ ያለው ስምና አድራሻ በጥያቄው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት፤ በአባት ስም አጻጻፍ ልዩነት ብቻ ጥያቄ ይመለሳል። የእኛ ስሞች በእንግሊዝኛ ፊደል በየሰነዱ የተለያየ አጻጻፍ ስላላቸው ይህን ከወዲሁ ያስተያዩ።

ቁጥሩ እስኪዛወር የድሮውን አገልግሎት አይዝጉ። የተዘጋ ቁጥር አይዛወርም። ኢንተርኔቱ በዚያው የስልክ መስመር በዲኤስኤል የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ሲሄድ ኢንተርኔቱም አብሮ ሊቋረጥ ስለሚችል፣ ስልክ ለሌለበት ዲኤስኤል ወይም ለሌላ ኢንተርኔት አስቀድመው ይመዝገቡ። ዝውውሩ ሲጠናቀቅ የ911 አድራሻውን ለተዛወረው ቁጥር እንደገና ያስመዝግቡ፤ በጊዜያዊው ቁጥር ላይ የሞሉት ወደ አዲሱ በራሱ አይሻገርም።